ሃምሳ ላይ የምትንቀጠቀጠው መኪናዬ

ሰው መኪና የሚይዘው ለመሄድ ነው ይባላል። እኔ የያዝኩት ሽንኩርት ላለመክተፍ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለልጄ እንኳን በደንብ አልነገርኳትም። አሁን የማወራው ነገሩ መልክ ስለያዘ ነው። ደግሞ የሚመለከታቸው ሰዎች መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ እኔ ጽፌ እጨርሳለሁ።

የሐይቅ ከተማ ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነበር። መዝገብ ቤት ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ሁለት ነገር ይተርፋታል፦ የወገብ ሕመምና ምንም ነገር አለመርሳት። ሰዎች «ያለፈው አለፈ» ሲሉኝ ይገርመኛል። የት ነው ያለፈው? እኔ ዘንድ ሁሉም በየዓመቱ ተደርድሮ ተቀምጧል። አቧራ እንኳን አላስነካውም።

ከተደረደረው ሁሉ ከላይ ያለው የጦይባ ነው።

ጦይባ የሰፈራችን ቅሬ የወጥ ቤት አዛዥ ናት። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የእኛ ቅሬ እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ ያስለቅሳል፣ አንድ ላይ ያስቀብራል። ሰው ሲሞት ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቱ ድስት ይጥዳል። ሁሉም ሳይጠራጠር እንዲበላው የሚሠራው የምስር ወጥ ነው። በዚያ ምስር ላይ ጦይባን የሚያዝ ሰው አልተወለደም።

እናቴ የሞተች ጊዜ፣ በሰደቃዋ ቀን፣ «የእናቴን ወጥ በእጄ እሠራለሁ» ብዬ ድስቱን ያዝኩ። ጠዋት የጀመርኩትን ወጥ እኩለ ቀን ላይ አወጣሁ። ጦይባ መጣች፣ በጭልፋ ጫፍ ነክታ መዳፏ ላይ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጨው ይጎድለዋል» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጦይባ ጨው ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችና፣ «አንቺ እዚያ ሽንኩርት ላይ ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ተነሺ አላለኝም።

በሐይቅና በዙሪያው የሞተ ሰው ሁሉ እንባዬን አግኝቷል። በሕይወቱ ሰላም ያላልኩት ሰው ሲሞት እንኳን ዓይኔ እስኪያብጥ አልቅሻለሁ፣ ከፊቴ ያለው የሽንኩርት ክምር ነውና። የሟች ዘመዶች መጥተው ትከሻዬን እየደባበሱ «ምን ያለች ሆደ ባሻ ናት፣ አብሽሪ!» ሲሉኝ ቀጣዩን ሽንኩርት አነሣለሁ። ምን ልበላቸው?

ልጄ ሃያት ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ስትመለስ እኔ የጠበቅኩት ወርቅ ነበር፤ እሷ ግን መኪና ገዛችልኝ። አዲስ እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ ከሃያት በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው። የሚያውቋት ሰዎች ቀለሟ ነጭ ነበር ይላሉ። አውቶማቲክ ናት፣ ማርሹን ካምቢዮዋ ራሱ እያሰበ ይለዋውጣል፣ የሹፌሩ ሥራ መርገጥና መሪ መያዝ ብቻ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የሟች ባሌ ወንድም ይህን ሲሰማ፣ «መሪው እኮ ካንቺ ይሰፋል» ብሎ ስቆ ነበር። ዛሬ ከኋላ ወንበር ነው የሚሄደው፤ በር በኃይል ሲዘጋ እቆጣዋለሁ።

ሃያት ወደ ጅዳ ተመለሰች፣ መኪናዋ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ይመር በስብሰባ መሃል ተነሡና፣ «ለቅሶ ቦታ በእግራቸው መድረስ ያቃታቸው ሽማግሎች አሉን። ይህቺ እህታችን በመኪናዋ ታድርሳቸው። እሷን ከወጥ ቤት ነጻ አድርገናታል» አሉ።

ነጻ አድርገናታል! ቃሉን ዛሬም ሳስታውሰው ደረቴ ይሰፋል። የዚያኑ ቀን የሽንኩርት ቢላዋዬን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ለጦይባ አስረከብኳት። ጦይባ ቢላዋውን አየች፣ እኔን አየች፣ «መኪና ይበላሻል» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ሁለት ዓመት በሰላም ኖርኩ። ሌሎቹ ሴቶች ጭስ ላይ ሲያለቅሱ እኔ ከመቃብሩ ራቅ ካለ የዛፍ ጥላ ሥር መኪናዬን አቁሜ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እቀመጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማልቀስ ፍላጎት ሲመጣ ከራሴ ልብ ብቻ የመጣ መሆኑን አወቅሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሟቹን ወድጄው እንደነበር እዚያው ገባኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ሦስት ሽማግሎች ጭኜ ወደ አርዲቦ አካባቢ ለቅሶ ስሄድ፣ ለዘብ ያለች ዳገት ላይ ቆጣሪው ሃምሳን ሲነካ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ወባ እንደያዘው ሰው። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ገና አስፋልት ላይ ነኝ።

«ምንድን ነው? መሬት ነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ ጋሽ ይመር ከጎኔ።

«መሬት ነው» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከኋላ የነበሩት ሁለቱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። እኔ በድንጋጤ እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ፣ መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ። «አልሃምዱሊላህ፣ ያዘልን» አሉ። ለቅሶው ቤት ስንደርስ ሽማግሎቹ ሦስት ሆነው መሬት እንዴት እንዳረጋጉ ተናገሩ። ሌላ ማንም ምንም አልተሰማውም ነበር፣ ግን ሦስት ሽማግሌ የተሰማውን ማን ይክዳል?

በማግስቱ መካኒኩ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ሰይድ ከአስፋልቱ ዳር ጋራዥ አለው። ሰው ሲያወራው ጭንቅላቱን ኮፈኑ ውስጥ ከትቶ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ፊቱን ከማውቀው ጀርባውን የበለጠ አውቀዋለሁ። ነዳት፣ ተንቀጠቀጠችለት፣ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ካምቢዮው ነው። ዘይቱ አርጅቷል።»

«ቀይረዋ!»

«አይ! እንዲህ ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ አይነካም። ውስጡ ያለው ቆሻሻ እኮ ነው አጣብቆ የያዘው። አዲስ ዘይት ካገኘ ይታጠብና መንሸራተት ይጀምራል። ከዚያ ጭራሽ አይሄድልዎትም። ባይነኩት ነው የሚሻለው።»

ቆሻሻው ነው አጣብቆ የያዘው ሲለኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ስለ መኪናዋ እያወራ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ጀርባው አየሁ።

ደሴ ያለ አንድ ባለሙያ ደግሞ በስልክ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ «ካምቢዮው ይውረድና በሌላ ይቀየር» አለኝ። ሌላው ከየት ይመጣል ስለው፣ «ከሌላ አሮጌ መኪና» አለ። የራሴን ችግር አውርጄ የሌላ ሰው ችግር ልጭን ማለት ነው። ሃያት ከጅዳ በድምፅ መልእክት፣ «እማ፣ ዘይቱን ብቻ ሙሉ በሙሉ አሳጥበሽ አስቀይሪው፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለች። ለሰይድ አሰማሁት። ሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቱን ከኮፈን አወጣና፣ «እዚያ መኪና ከሞተ ሌላ ይገዛል፣ እትዬ። አንቱ ሌላ አለዎት?» አለኝ።

የለኝም። ከሽንኩርት በስተቀር ምንም ሌላ የለኝም።

ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ፦ አትንኪው፣ ጣይውና ሌላ አምጪ፣ እጠቢው። እኔ አራተኛውን መረጥኩ፤ ደበቅኩት። መኪናዋ የምትንቀጠቀጠው ሃምሳ ላይ ከሆነ ሃምሳ አልገባም፣ አለቀ። አርባ ላይ እንደ ሙሽራ ትሄዳለች።

አርባ ግን ያስጠይቃል። ለቅሶ ስንሄድ ሽማግሎቹን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ከፊት እሄዳለሁ። ቅሬተኛውን የጫነው ሚኒባስና አይሱዙው ከኋላ ይከተላሉ፤ የሽማግሌ መኪና መቅደም ደግሞ ነውር ነው። አንድ ቀን ባጃጅ ቀደመን። ከዚያ ሌላ ባጃጅ። ከዚያ ብስክሌት የያዘ ሰው፤ እሱስ ቁልቁለት አግዞት ነው። ጋሽ ይመር በመስኮት እያዩ ቆዩና፣ «እህቴ፣ ምነው ዛሬ ቀስ አልሽ?» አሉኝ።

አንደበቴ ከእኔ ቀደመ። «ለሟች አክብሮት ነው፣ ጋሽ ይመር። ወደ ለቅሶ እየሄዱ መሮጥ ደስ አይለኝም።»

አንዴ ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሱብሃን አላህ፤ እኛ ሽማግሎቹ ያላሰብነውን» አሉ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። በቅሬው ስብሰባ ላይ ተነሥተው እኔን እያመሰገኑ ተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ስብሰባ ሕግ ሆነ፦ ወደ ለቅሶ የሚሄድ የቅሬው መኪና ከአርባ በላይ አይነዳም። የአይሱዙው ሹፌር እጁን አውጥቶ «ዳገት ላይስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዳገት ላይ ሟች የለም ወይ?» ተብሎ ተቀመጠ።

እንግዲህ ተመልከቱ። እስላም ሬሳ ማቆየት አይወድም፣ ሬሳው ቶሎ ከአፈሩ ይገናኝ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ አርባ ላይ ነን። ከተቀበረ በኋላ ደረስን፤ ድንኳኑ ሲነቀል ደረስን። አንድ ጊዜ ሟቹን አውቀው የማያውቁ የሩቅ ሰዎች ቀድመውን ደርሰው፣ እኛን እንደ እንግዳ ተቀብለው አጽናኑን። ሕዝቡ ግን አልተማረረም። እንዲያውም «የሐይቆቹ ቅሬ ወግ ያውቃል» የሚል ወሬ እስከ አምባሰል ደረሰ። አንድ የውጫሌ ቅሬ ሕጉን ለመቅዳት ሰው እንደላከ ሰምቼ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም።

የተማረረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቀባሪው እስኪመለስ ምስሩ ጉልቻ ላይ ይቆያል፤ ሲቆይ ይደርቃል፣ ሥሩ ይይዛል፤ ውሃ ሲጨመርበት ይላላል፤ ከዚያ እንደገና ይደርቃል። ጦይባ አንድ ቀን ከመኪናዬ ስወርድ ጭልፋዋን እንደያዘች ጠበቀችኝ።

«ምስሬ ድስት ውስጥ ሸመገለ» አለችኝ።

«ለሟች አክብሮት ነው።»

«አንቺ? ለሟች?» አለችና ዓይኔን አየችው። «እኔ አንቺን ሠላሳ ዓመት ሽንኩርት ላይ አይቼሻለሁ። በቁም ያለውንም አታከብሪም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልፌ ስሄድ ጎማዬን ታያለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች። ፈራኋት። ነገሩ ከታወቀ ጋሽ ይመር አዝነው «እህታችን ትረፍ» ይላሉ፣ እኔም ወደ ክምሬ እመለሳለሁ፤ ቢላዋዬን ጦይባ በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ እንዳስቀመጠችው አውቃለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጦይባ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጫማዋ አንዱ የሌላ ጥንድ ነው። ከእናቴ ሰደቃ ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሙህዬ» አለች። ሙህዬ ውጫሌ የሚኖር ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ሌላ ወንድም የላትም። «ሙህዬ ደክሟል፣ ወድቋል፣ ድረሽ ብለው ደወሉ። መናኸሪያ ሄድኩ፣ ሚኒባሶቹ ሞልተው ወጥተዋል። ሌላ ሰው ብፈልግ…» አለችና አቋረጠች። አስጨርሼያት አላውቅም፣ ያኔም አላስጨረስኳት። ቁልፌን አነሣሁ።

መንገድ ወጣን። አርባ። ጦይባ ከጎኔ ተቀምጣ ወደ ፊት ዘንበል ብላ መኪናዋን በደረቷ የምትገፋት ትመስላለች።

«ፍጠኚ እንጂ!»

«ሕጉ እኮ…»

«የምን ሕግ? ሕጉ ለሞተ ነው! ወንድሜ ገና አልሞተም!»

አርባ አምስት አደረስኳት። ከፊቴ ዳገቷ ትታየኛለች። ያን ጊዜ በልቤ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፣ ግን ልንገራችሁ፦ ካምቢዮው ዛሬ ከሞተ ሽንኩርት ነው፣ ያውም ለሙህዬ ለቅሶ። ከዚያ ጦይባን በጎን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሁለቱን ጫማዎቿን አየሁ። ረገጥኩት።

ሃምሳ ላይ መጣ። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ፣ በሩ ተንቀጠቀጠ፣ የጦይባ ጉንጭ ተንቀጠቀጠ።

«ይ-ይ-ይሄ ምንድን ነው?»

«ካ-ካምቢዮ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንት ወር ሆነው።»

«ታዲያ አክብሮቱ?»

«ውሸት ነው።»

«ለምን አልተናገርሽም፣ አንቺ ሴት?»

«ሽንኩርት!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፣ በየምዕራፉ የተከፈለ፤ ሲወጣ ግን አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

እግሬን ላነሣ ስል ጦይባ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። «እንዳታነሺ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ አልሞትኩም። ርገጪው!»

ረገጥኩት። ስድሳ። ከዚህ በኋላ ብሎኑ ሁሉ ተፈቶ መሪው ብቻ እጄ ላይ እንደሚቀር ጠበቅሁ። ስድሳ አምስት። ሰባ ስትደርስ ጸጥ አለች።

ጸጥ። እንደ ሐይቃችን ውሃ በጠዋት። ሞተሩ ብቻ ይሰማል፣ እሱም በደስታ። ጦይባና እኔ ተያየን። ለካ መንቀጥቀጡ መሃል ላይ ያለ አንድ ጠባብ ቦታ ነው፤ ከላዩ ሌላ ሰፊ መንገድ አለ። እኔ ስምንት ወር ሙሉ፣ ከነሽማግሎቼ፣ ከነሕጋችን፣ ከሥሩ ስንፏቀቅ ከርሜያለሁ። ቀድመውን ያለፉት ባጃጆች ትዝ አሉኝ። በዚያ መንገድ ላይ የቻልኩትን ያህል ባጃጅ ቀደምኩ፤ ለአንዱም አላዘንኩለትም።

ውጫሌ ገብተን ከሙህዬ በር ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጦይባ መኪናዋ ሳትቆም ወረደች። ተከትያት ገባሁ። ሙህዬ መደብ ላይ ተደግፎ በትልቅ ኩባያ አብሽ ይጠጣል።

ቀና ብሎ እህቱን አያት። «ምነው? ማን ሞተ?»

ስኳሩ ወርዶ ነበር የወደቀው። ማር አቅምሰውት ተነሥቷል። ጦይባ መጀመሪያ አቀፈችው፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ መታችው፣ እንደገና አቀፈችው። «ደግመህ እንዳትወድቅብኝ! ሰምተሃል?» ትላለች፣ በሰው ፊት እያለቀሰች። በዚያ ቤት አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

ሙህዬ በትከሻዋ ላይ አየኝና፣ «በምን መጣችሁ?» አለ። ስንነግረው ኩባያውን አስቀመጠ። «በዚያች ቀርፋፋ መኪና? በእሷ እስኪመጣማ እኔ ድኜ፣ አርጅቼ፣ ሞቼ፣ ዓመቴ ይወጣ ነበር!»

ስመለስ ጦይባ አብራኝ ተመለሰች። ዳገቷን ካለፍን በኋላ መስኮቷን ከፈተች፣ ዘጋች፣ አፍንጫዋን አነሣች።

«የሚሸት ነገር አለ።»

«ካምቢዮው ነው፤ ደክሞታል።»

«ነገ ጠዋት መካኒክሽ ዘንድ ትወስጂኛለሽ» አለች። ትእዛዝ ነው። ሌላ መናገር አልለመደባትም።

በማግስቱ ሰይድ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ጫፉን በጨርቅ ሊጠርግ ሲል ጦይባ እጁን ያዘችው። ዘንጉን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች፣ ጠብታውን በሁለት ጣቷ አሸችው። ድስት ላይ እንደምታደርገው።

«ይሄ ያረረ ቁሌት ነው» አለች።

ሰይድ ጭንቅላቱን ከኮፈን አወጣ። «ምን አሉ?»

«ጭስ ገብቶበታል እንጂ ድስቱ አልነደደም። ቢነድ ሽታው ሌላ ነው። ወጡ አልሞተም።»

«እሱማ እኔም ብያለሁ፣ ስለዚህ አይነካ!»

«አልነካም ብለህ እሳት ላይ ብታቆየው ማረሩን ይተዋል እንዴ?»

«እሺ፣ ልጃቸው እንዳለችው ላጥበውና ካምቢዮው…»

«ማነው እጠበው ያለህ? ቁሌት ሲያርርብህ ድስቱን ትፍቃለህ? ሥሩን ከፋቅከው ያረረው ሁሉ ተነሥቶ ወጡን ያበላሸዋል። ከላይ ከላይ ያለውን በቀስታ ትቀንስና አዲስ ትጨምራለህ። ለብ ይበል፣ ይዋሃድ ትላለህ። እንደገና ትቀንስና ትጨምራለህ። እኔ ለስንት መቶ ሰው የተጣደ ወጥ እንዲህ አድኜ፣ በልተህልኛል! ምንም አላልክም!»

ሰይድ ዘንጉን እንደያዘ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን ፊቱን በደንብ አየሁት፤ መልከ መልካም ነው። «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሳላጥብ፣ ሳልገፋ፣ ከሥር የሚወርደውን ብቻ ላውርድ፤ የወጣውን ያህል ልክ አዲስ ልጨምር። ሦስት ሳምንት ይነዱታል። ከዚያ እንደገና። ሦስት ጊዜ። ያኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ሊሻለው ይችላል፣ ሊብስበትም ይችላል። ካልነካነው ግን የሚብስበት እርግጥ ነው። ምን ይላሉ?»

እንግዲህ ውሳኔው የእኔ ነው። ስምንት ወር የሸሸሁት ይህችን ሰዓት ነበር። ጦይባን አየኋት። ጠላቴ ትሁን እንጂ ስለ እሳት ዋሽታ አታውቅም።

«ቀንሰህ ጨምር» አልኩት።

ዘይቱን፣ ለእሷ ዓይነት የሚሆነውን ብቻ፣ ከደሴ አስመጣን። የመጀመሪያው ሲወርድ ጥቁር ነበር፤ ሰይድ በፕላስቲክ ማሰሮ ለክቶ ያንኑ ያህል ሞላ። በማግስቱ ሃምሳ ላይ ተንቀጠቀጠች። በሁለተኛው ሳምንት ግን አጠር አለ። ሁለተኛው ዘይት ሲወርድ ቡናማ ነበር። በሦስተኛው ሰይድ ጣቱን ነክሮ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ከርከዴ ይመስላል፣ ጥርት ያለ ቀይ። አሁን ሃምሳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግና ታልፋለች።

«ስንት ዓመት ትቆያለች?» አልኩት።

«አላህ ያውቃል። አንቱስ ስንት ዓመት ይቆያሉ?»

«ምቀኞቼን ሁሉ እስክሸኝ» አልኩት።

ሕጉ ነበር የቀረው። በስብሰባው ቀን ጦይባ ልትናገር ተነሣች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ክብሬ በጋሽ ይመር ፊት ይገፈፋል። ጦይባ ጉሮሮዋን አጸዳች፣ «ሟች ይከበር ብለን ምስሩን ገደልነው። ቀብር ላይ ሳይደረስ ምኑ ነው አክብሮት? ቶሎ ደርሶ መቅበር ነው የሚሻለው፣ ቀስ ብሎ መቅረት?» አለችና ተቀመጠች። ስለ ካምቢዮ አንዲት ነገር አልተነፈሰችም። ወደ እኔም አላየችም። ሕጉ ተነሣ። የአይሱዙው ሹፌር አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ለቅሶ ሐይቅ እስጢፋኖስ መንገድ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ የአንድ አዛውንት ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበር። ሽማግሎቹን በሰዓቱ አደረስኩ፣ በሰዓቱ መለስኩ። መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ጦይባ ከድስቶቹ መሃል በጭልፋ ጠራችኝ። ሄድኩ። ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ። በሽንኩርቱ ክምር ፊት ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አዘንኩላት።

«ቅመሺ» አለችኝ ጦይባ፣ ጭልፋውን እየሰጠችኝ።

በጫፉ ነክቼ መዳፌ ላይ አድርጌ ቀመስኩ። ጊዜ ወስጄ ቀመስኩ። ከዚያ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጨው ይጎድለዋል» አልኩ።

ምንም አልጎደለውም ነበር።

ጦይባ የጨው ዕቃውን አነሣች። ክዳኑን ከፈተች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፣ «የእናትሽ ሰደቃ ላይም አልጎደለውም ነበር» አለችኝ።

ዕቃውን ከእጇ ተቀበልኩና ከደንኩት። ድስቱን አማሰልኩላት። ስለ ሠላሳ አንዱ ዓመት ሽንኩርት ገና አልተነጋገርንም፤ እሱ አንድ ቀን የሚወስድ ወሬ አይደለም። በየወሩ ሙህዬን ለማየት ውጫሌ ይዣት እሄዳለሁ፤ መንገዱ ለወሬ ይበቃል፣ መኪናዋም አሁን ሰባ ትሄዳለች።